ለፕራዶዋ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ

ጥቅምት 19

ነገሩ የተጀመረው በድምፅ ነው። ደቡብ ወሎ፣ ጃማ ወረዳ ካለችው ደጎሎ ወደ አጎቴ ቤት የሚያስገባውን መንገድ ክረምቱን ሙሉ አይሱዙና ትራክተር ሲያቦኩት ከርመዋል። ጃማ ዋልካ አፈር ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል። አሁን ደርቋል። ሁለቱ የጎማ ቦዮች ጠልቀው፣ መሃሉ እንደ አህያ ጀርባ ቆሞ ቀርቷል። በዚያ ላይ ስሄድ ከኋላ «ግርርርር» የሚል ነገር ሰማሁ። ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የኋላው ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው፣ ከሥር ያበጠው ብረት) ጉብታውን እየላሰ ነው የመጣው። ሆዱ ላይ ቀለም የሚባል አልተረፈም፤ አዲስ ሳንቲም መስሏል።

አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ይቺ መኪናህ ማረሻ አላት እንዴ? ገመሳውን ጨርሰህልናል፤ ስትመለስ ድጋሙን አውጣልን» አሉኝ። ሳቅሁ። ግን ደሴ እስክገባ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

መኪናዋ የ2006 ሞዴል ፕራዶ ናት። 120 የሚባለው አካል፣ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ኦቶማቲክ። ከብዙዎቹ ፕራዶዎች የምትለየው ኋላዋ ሞላ ስለሌላት ነው። በሞላው ቦታ በአየር የሚነፋ የጎማ ፊኛ አላት። ኤር ሰስፔንሽን። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ይህን ስናገር ደሴ ውስጥ የማይመክረኝ የለም። «ሞላ አስገባበትና ተገላገል» ነው የሁሉም መልስ። እስካሁን አልሰማኋቸውም። ሦስት አራት ኩንታል እህል ከኋላ ጭኜ ጭራዋ ሳይንጠለጠል የምትሄድልኝ በዚህ ፊኛ ነው።

ውሳኔ፦ ጎማ አሳድጋለሁ፣ ፊኛውን ግን አልነካም። የማደርገውንና የማበላሸውን እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 22

መቀመጫዬ አጠገብ ከፍታ መቀየሪያ ቁልፍ አለ። ዝቅ፣ መካከለኛ፣ ከፍ። እኔ ለሁለት ዓመት ሙሉ የተሸወድኩት በዚህ ቁልፍ ነው። መንገዱ ሲከፋ ወደ «ከፍ» እለውጠዋለሁ። ኋላዋ ቀስ ብሎ ብድግ ይላል። አሁን ምን ይነካኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ እነዳለሁ።

ዛሬ ሜትር ይዤ ሥሯ ገባሁ። መካከለኛው ላይ ከመሬት እስከ ዲፈረንሻሉ ሆድ 21 ተኩል ሳንቲ ሜትር። ወጥቼ «ከፍ» ላይ አደረግኳትና ደግሜ ገባሁ። 21 ተኩል። ሜትሩ የታጠፈ መስሎኝ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ። ያው ነው። የኋላ ፓራውልቷ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነስቷል።

ካሰቡት ግልጽ ነገር ነው። የፕራዶ የኋላ እግር አንድ ወጥ አክሰል ነው። ዲፈረንሻሉ አክሰሉ መሃል ላይ ነው ያለው። አክሰሉ ደግሞ የቆመው በሁለቱ ጎማዎች ላይ ነው። ፊኛው ከአክሰሉ በላይ ነው የተቀመጠው። ሲነፋ ሰውነቷን ያነሳል፤ አክሰሉ ወዴትም አይሄድም። ፓራውልቱ ከጉብታ ይተርፋል፣ ዲፈረንሻሉ እዚያው ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ቁልፍ እየነካሁ ስነዳ፣ ጉብታው ዲፈረንሻሌን እንደ ልቡ ሲጎበኘው ኖሯል።

ሌላም ነገር አየሁ። ፊት አየር የለም። ተራ ሞላና ሾክ ነው። ኋላ ሲነሳ አፍንጫዋ ወደ መሬት ያዘነብላል። የፊት ጎማ የሚሽከረከርበት ቦታ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሰፋም። ትልቅ ጎማ የሚያስቸግረው ደግሞ ፊት ነው፤ ምክንያቱም ፊት ይታጠፋል።

አንድ ጓደኛዬ «ፊኛው ጋ ያለውን፣ ከፍታ የሚለካውን ሴንሰር ዘንጉን አስረዝመው፣ መኪናዋ ዝቅ ያለች መስሏት ራሷን ከፍ አድርጋ ትቆማለች» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ኋላ ሰውነቷን ለማንሳት ነው። የኔ ችግር እሱ አይደለም።

ጥቅምት 25

የሒሳብ ቀን። አሁን ያሉት ጎማዎች 265/65 አር 17 ናቸው። ለማያውቀው፦ 265 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። 17 የቸርኬው ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ፣ በኢንች። ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ከዚህ በላይ ሦስት ምርጫ አለ። 265/70 አር 17 ቁመቱ 803 ነው። 275/70 ደግሞ 817። 285/70 ደግሞ 831። ትልቁ ልዩነት 55 ሚሊ ሜትር ነው። ግን አክሰሉን የሚያነሳው ከመሃል ወደ ታች ያለው ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ለሁለት ማካፈል ነው። ለ265/70 የሚቀረኝ 13 ሚሊ ሜትር ነው።

ባለቤቴ ወረቀቱን አይታ «ለአንድ ጣት ነው ይሄ ሁሉ ጣጣ?» አለች። አንድ ጣት እንኳ አይሞላም። ዝም አልኩ።

ሸዋበር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ 285ን ነው የመከረኝ። «ወንድ ጎማ ነው፣ መኪናዋ ትከብርበታለች» አለ። ጋሼ ቀና ሳይሉ፣ «ጎማን ቆሞ ሲያምር አትየው፤ ሲታጠፍ እየው» አሉ። ከዚያ ተነስተው የፊት ጎማዋ ኋላ እጃቸውን ሰደዱና ቦታውን አሳዩኝ። አካሏ ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት የብረት እግር አለ። ከጎማው ጀርባ፣ ጥግ ላይ። መሪው ሲጠመዘዝ ጎማው ወደዚያ ይጠጋል። 285 ሲገባ እሱን መቁረጥና መልሶ መበየድ ግድ ነው። «ፕራዶ አምጥተህ ቁረጥልኝ ስትለኝ እኔ እንቢ አልልም፣ እበላበታለሁ። ግን ምን አጠፋች?» አሉ።

265/70 ይሁን ተባለ። ጋሼ ሲሸኙኝ ያሮጌውን ጎማ ጥርስ በጥፍራቸው ለኩ። 3 ሚሊ ሜትር ቢቀረው ነው። አዲሱ ወደ 11 ይጠጋል። ስለዚህ 8ቱ ሚሊ ሜትር የሚገኘው ጎማው አዲስ ስለሆነ ብቻ ነው። 13 ሲደመር 8፣ 21 ሚሊ ሜትር። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እንግዲያው ያንኑ ቁጥር አዲስ ብትገዛ ኖሮ ግማሽ መንገድ ተጠግተህ ነበር» አለች። ይሄም እውነት ነው። ጎማው አልቆ ከርሟልና ከዚህ በፊት ባለመለወጤ ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 28

ጎማ ከመግዛቴ በፊት ፊኛውን ማየት አለብኝ አልኩ። ጠዋት ጠዋት የቀኝ ኋላዋ ዝቅ ብሎ ነው የማገኘው። ሞተር ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ «ጥርርር» ይልና ያስተካክለዋል። ለወራት እንደ ልማድ አይቼው ኖሬያለሁ። ልማድ ግን አይደለም፣ ነፋስ እየወጣ ነው። ሌሊት የወጣውን ኮምፕሬሰሩ ጠዋት ይሞላል፤ ሲበዛበት እሱም ይቃጠላል።

በአንድ ጣሳ ውኃ ዱቄት ሳሙና በጠበጥኩ። የእህቴ ልጅ በብሩሽ ቀባ። መጀመሪያ ፊኛውን ራሱን፤ በተለይ የሚታጠፍበትን ክብ። የጎማ ፊኛ የሚሞተው እዚያ ነው። አቧራ ይገባበታል፣ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይፈጨዋል። የኔ ትንንሽ ስንጥቅ ጀማምሮታል፣ ግን አረፋ አላወጣም። ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። ቱቦው ፊኛው ላይ የሚሰካበት ቦታ ላይ ሲደርስ አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ። የቄብ ዶሮ ዓይን ያህል፣ ከዚያ የሽንብራ፣ ከዚያ ጠብ። እንደገና። ተገኘ።

መካኒኩ ቱቦውን ነቅሎ በውስጡ ያለችውን ቀለበት ጎማ አሳየኝ። ኦሪንግ ነች። ተጨፍልቃ ደርቃለች። ቀየራት። ቱቦው ጫፉ ስለተቧጨረ ከላዩ ትንሽ ቆርጦ መልሶ ሰካው። ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ቡናው ነው የፈጀው።

በማግሥቱ ጠዋት ወጥቼ አየሁ። ሁለቱም ጎን እኩል።

ኅዳር 3

ጎማዎቹን ገዛሁ። አምስት። አራት ብገዛ ደስ ይለኝ ነበር፤ ገንዘቡ ያማል። ግን ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም እግር ነው የምትነዳው። የፊቱንና የኋላውን የሚያገናኝ መሃል ላይ ሌላ ዲፈረንሻል አላት። አንዱ ጎማ ፈንድቶ አሮጌውን ትንሽ ስኮርታ ብገጥም፣ ያ ዲፈረንሻል ደሴ እስክደርስ ዕረፍት የለውም። የአምስተኛውን ጎማ ዋጋ ከዲፈረንሻል ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው።

ሻጩ «ትኩስ ናቸው» አለ። ትኩስነት የሚታየው ጎኑ ላይ ነው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ የአንድ ዓመት ናቸው። አምስተኛው ግን የሦስት ዓመት ታላቃቸው ሆኖ ተገኘ። «እሱን ስኮርታ አድርገው» አለኝ። ስኮርታ እኮ ነው ሳይነዳ የሚያረጀው! አስቀየርኩት።

ክብደት የሚችለው ቁጥር ደግሞ 115 ይላል። አንዱ ጎማ 1215 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የድሮዎቹ 112 ነበሩ፣ 1120 ኪሎ። እህል ለምጭን ሰው ይሄ ቁም ነገር ነው።

ሰፈር ያለው የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። አሮጌው ከነቸርኬው 29 ኪሎ። አዲሱ ቸርኬው ላይ ሲገባ 33 ሆነ። ነጋዴው «ይሄ በኪሎ ስንት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ቀለደብኝ። በአንድ እግር 4 ኪሎ ትንሽ ትመስላለች። ግን የምትሽከረከር 4 ኪሎ ናት። ማስነሳትም ማስቆምም አለ።

ኅዳር 6

አርብ። የመግጠሚያው ቀን፤ የማፈሪያውም ቀን።

ጋሼ ከጁምዓ በፊት እንጨርስ ብለው በጠዋት ጀመርን። ኋላዋን በክሪክ አነሳን። ክሪኩን የተከልነው ሻንሲው ሥር ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ወለቁ። አክሰሉ ተንጠልጥሏል፣ ሥሩ ሁለት ግንድ ገብቷል። አሁን እዚህ ጋ አንድ ነገር መደረግ ነበረበት። ኤር ሰስፔንሽኑን የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። መኪናዋን ከማንሳት በፊት እሱን መጫን ነው። መመሪያው ላይ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። ረሳሁት።

የእህቴ ልጅ ሥራው ሙዚቃ አነሰው መሰለኝ፣ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሬዲዮው ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ «ፍስስስስስ»። ጋሼ ቀና አሉ። «ምንድን ነው የተነፈሰው?»

የሆነው እንዲህ ነው። አክሰሉ ሲንጠለጠል ሰውነቷ ከአክሰሉ በጣም ይርቃል። ሴንሰሩ ይሄን ያይና «ኧረ ከፍ ብያለሁ» ይላል። ለማስተካከል ከፊኛው ነፋስ ያስወጣል። ምስኪን፣ የሚያውቀው እሱን ነው። እኛ ሬዲዮውን ዘግተን ስንደርስ ሁለቱም ፊኛዎች ባዶ ሆነዋል።

አዲሶቹን ጎማዎች ገጥመን ክሪኩን ስናወርድ ኋላዋ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ማብቂያ ጎሚኒው ላይ ቁጭ አለች። ክሪኩ ሥር ተይዞ ቀረ። እንደ ተቀመጠች ላም ሆነች፤ ልጁ ጭራዋን ይዞ ሊያስነሳት የፈለገ ይመስል ፓራውልቷን ይጎትታል። ከጎረቤት ጋራዥ ሌላ ክሪክ አምጥተን፣ አክሰሉ ሥር ተክለን፣ የመጀመሪያውን በመከራ አወጣን። ደግነቱ ሥሯ ማንም አልነበረም። ፊኛ ያላትን መኪና በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥር መግባት የለም። በፊትም አልገባም፣ አሁን ግን ለምን እንደማልገባ በዓይኔ አየሁ።

ግን ጋሼ አልተናደዱም። ቁጭ ባለችበት የኋላ ፓራፋንጎ ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ሁለት ጣታቸው ገባ። «ና ንካ» አሉኝ። «ከዚህ በታች የምትወርድበት ቦታ የላትም። አሁን ካልነካ መቼም አይነካም።» እኔ ቤት ስለካ የነበረው መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ጎማ የሚነካው ደግሞ መኪናዋ ስትደቆስ ነው። ለካስ ትክክለኛው መለኪያ በስህተት ነው የመጣልኝ።

ሞተር አስነሳን። ኮምፕሬሰሩ ለደቂቃዎች ጮኸ፣ ኋላዋ እየተነፋ ተነሳ። አዛን ሲል ዳዶዎቹን እያጠበቅን ነበር። ለዚህ ቸርኬ 112 ኒውተን ሜትር ነው ልኩ። ጋሼ በእጃቸው አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ በመለኪያ ቁልፍ ደገምኩት። ከስድስቱ አምስቱ ልክ ነበሩ። «ስድስተኛውን አንተ ስታወራኝ ነው ያጠበቅኩት» አሉና ለሶላት ሄዱ።

ከመሬት እስከ ዲፈረንሻል፦ 23 ተኩል። ሒሳቡ ያዘ።

ኅዳር 7

የፊቱ ጉዳይ። ግቢ ውስጥ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ ወደ ኋላ ስሄድ ግራው «ቅርርር» አለ። ቀኙ ዝም።

የጠመኔ ዘዴ ተጠቀምኩ። የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን በጠመኔ ቀባሁ። መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዚያ ውስጡን በባትሪ አየሁ። ነጭ ምልክት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የጭቃ መከላከያው ጎማ ላይ፣ ሌላው ከፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ታችኛው ጥግ ላይ። የብረቱ እግር ንጹሕ ነው። አንድ ጣት ተርፎታል። 285 ቢሆን ኖሮ ዛሬ ግራይንደር ይዤ ነበር።

የጭቃ መከላከያውን ዳር 2 ሳንቲ ሜትር በቢላዋ ቆረጥኩት። ወፍራም ጎማ ነው፣ ቢላዋው ውኃ ካልነካ አይሄድም። ፕላስቲኩን ግን አልቆረጥኩም። የባለቤቴን የፀጉር ማድረቂያ ይዤ ወጣሁ። አንድ አምስት ደቂቃ አሞቅሁት። ሲለሰልስ በጨርቅ ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁትና እስኪቀዘቅዝ በእንጨት ደግፌ ተውኩት። ከዚያ በአንድ ብሎን አሰርኩት። ማድረቂያው አሁን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ይህን መስመር ባለቤቴ እንደማታነበው ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ የመደቆሱ ፈተና። ፊት ላይ ነፋስ አውጥቶ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ሞላ ነው። ስለዚህ ከቤታችን ጀርባ ያለውን የፍሳሽ ቦይ ተጠቀምኩ። የግራ ፊት ጎማዋን ጠርዙ ላይ አወጣሁ፣ የቀኝ ኋላዋንም ድንጋይ ላይ። አካሏ ተጠማዘዘ። የግራ ፊት ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ጠልቆ ገባ። በዚያው መሪውን አዞርኩ። አዲስ ጠመኔ፣ አዲስ ምልክት። ትንሽ፣ ከላይ፣ እንደ ጣት አሻራ። ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ ተውኩት። (ኅዳር 15 ላይ ተጸጽቻለሁ።)

ስኮርታዋ ኋላ በሩ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ትልቁ ጎማ ገባ። ፓራውልቱን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ ግን በሩ ይከፈታል ይዘጋል።

ኅዳር 9

ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ለባላንስና ለመሪ ማስተካከያ። ሐረጎን ስወርድ ክብደቱ ተሰማኝ። ፍሬን አልከዳኝም፤ ግን ድሮ በሦስተኛ ማርሽ የምወርድበትን ኩርባ ዛሬ በሁለተኛ ወረድኩት። በእግር ፍሬን ብቻ ሐረጎን መውረድ በየትኛውም ጎማ ሞኝነት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ያለው መንገድ ቀጥ ይላል። እዚያ ስልኬን ከፍጥነት ቆጣሪዋ ጋር አስተያየሁ። በድሮው ጎማ ቆጣሪው 80 ሲል ስልኩ 76 ነበር የሚለው። ዛሬ ቆጣሪው 80 ሲል ስልኩ 79 አለ። ጎማው 3.4 በመቶ ስለሚበልጥ ነው። ፋብሪካው ቆጣሪውን ትንሽ እንዲያጋንን አድርጎ ነው የሚሠራው፤ እኔ ግነቱን በላሁበት። አሁን ቆጣሪዬ ከብዙ ሰው ቆጣሪ ይልቅ እውነት ይናገራል። ያ ማለት ግን ከእንግዲህ 80 ማለት 80 ነው፤ ድሮ የነበረችኝ ትንሽ መተንፈሻ የለችም።

ስመለስ ሐረጎ ዳገቱ ላይ ማርሹ ከድሮው ቀድሞ ወደ ታች ወረደ። ትንሽ ታምጣለች። ከዚህ በላይ ጎማ ብገጥም ኖሮ አለቅስ ነበር።

ኅዳር 14–15

ጃማ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳን፣ እኔና የእህቴ ልጅ። ጉጉፍቱ ስንደርስ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነጭ ነው። ሻይ ጠጥተን ነፋሱን ለካሁ። ኮምቦልቻ ቀን ላይ 32 ፒኤስአይ አድርጌ የሞላሁት 28 ይላል። ጎማ አልተነፈሰም፣ ብርዱ ነው። በግምት በየ5 ተኩል ዲግሪው አንድ ቁጥር ይወርዳል። ልሙላው ብዬ ተውኩት፤ ፀሐይ ስትወጣ ይመለሳል።

በካቤና በወረኢሉ አልፈን ደጎሎ ገባን። ከደጎሎ በኋላ ያቺ መንገድ። ወርጄ አራቱንም ወደ 25 አወረድኩ። «ከፍ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ለዲፈረንሻሉ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ለፓራውልቱና ከኋላ ለተንጠለጠሉት ነገሮች ነው። ፍጥነት ሲጨምር ራሱ ወደ መካከለኛው ይመለሳል፣ እዚያ መንገድ ላይ ግን ፍጥነት የሚባል ነገር የለም።

የእህቴ ልጅ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ጉብታ፣ ዝም። ሁለተኛው፣ ዝም። ድሮ የሚያስለቅሰኝ ከወንዙ ማዶ ያለው ረጅሙ ላይ አንድ ጊዜ «ጭር» አለ፣ የሣር ይሁን የአፈር አልለየሁትም። ወርጄ አየሁ። ዲፈረንሻሉ ላይ የተጣበቀ ደረቅ ሣር ነው። የሁለት ሳንቲ ሜትር ደስታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

አጎቴ ደጃፍ ላይ ናቸው። ከመኪናዋ ሳይሆን ከመንገዱ ጀመሩ። «ዛሬስ አላረስክም» አሉ። ጎማውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ የአይሱዙ ነው?» «አይደለም አጎቴ፣ የራሷ ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለ።» «ታዲያ ስንት ከፍ አለ?» ጣቴን አሳየኋቸው። አዩት። «ለዚህ ነው ደሴ ስንት ሳምንት የቆየኸው?» ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረዋል እንዴ አልኩ በልቤ።

ስንመለስ ሦስት ኩንታል የአምና ስንዴ ጫኑልን። ኮምፕሬሰሩ ጥቂት ጮኸና ጭራዋ ቀጥ አለ። ኋላ ላይ የቀባሁት ጠመኔ ደሴ ስገባ እንዳለ ነው። ፊት ላይ ግን ግራው ጥግ ፕላስቲኩ ተበልቷል። ያቺ እንደ ጣት አሻራ ብዬ የናቅኋት ቦታ ናት። ነፋስ ስለቀነስኩ ጎማው ጎኑ አበጠ፣ በዚያ ላይ ጉድጓድ። ፕላስቲኩን በ3 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ጣልኩት። ቀኙንም ሳይነካ በፊት እኩል ቆረጥኩ።

ኅዳር 24

ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ደግሜ አጥብቄያለሁ። ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። ፊኛው አሁንም ሌሊት አይወርድም። ስንጥቆቹን ግን እያየሁ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ሁለቱንም ፊኛ መቀየሬ አይቀርም። ሞላ አላስገባም። (ይህን ሸዋበር ላይ ጮክ ብዬ ብናገር ይስቁብኛል።)

ናፍጣ የጨመረ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ጎማው ትልቅ ስለሆነ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አሳንሶ ነው የሚቆጥረው። 600 ሲለኝ እውነቱ 620 ነው። አስተካክዬ ሳሰላው ጭማሪው አለ፣ ግን የፈራሁትን ያህል አይደለም። የሞተር ዘይት የምቀይርበትንም በዚሁ ነው የማሰላው።

ከአሮጌዎቹ ጎማዎች ሁለቱን ጎሚስታው ወሰዷቸው። አጎቴ ለበረባሶ አንድ ላክልኝ ብለው ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው «ሽቦ አለበት፤ እግራቸውን ይበላቸዋል። የድሮው የክር ጎማ ነበር ለእግር» አሉ። ስለዚህ የተቆረጠውን የጭቃ መከላከያ ላክሁላቸው። ትናንት ደወሉ። ለጎተራው በር ማጠፊያ አድርገውታል። በምስማር መትተውታል፣ ይዟል። «ሌላው ጎን ግን በቆዳ ነው፤ የቀኙንም ቁረጥና ላክልኝ» አሉኝ። ቀኙ ምንም አይነካም አልኳቸው። «በሩ ግን ያዘነብላል» አሉ። ነገ ቢላዋዬን ውኃ ነክሬ እወጣለሁ።